ሂሳብ የማያውቁት ሕንዳዊ

የትቬትስቱጋ በር ስከፍት ነው ሁልጊዜ ትዝታው የሚመጣብኝ። ትቬትስቱጋ ስቶክሆልም ውስጥ የአንድ ሕንፃ ተከራዮች ተራ እየያዙ ልብስ የሚያጥቡበት ምድር ቤት ነው፤ ሞቅ ያለ፣ እርጥበት የጠገበ፣ ሳሙናና የራሰ ሲሚንቶ የሚሸት ክፍል። ሌላው ሰው ልብሱን ከትቶ ቶሎ ይወጣል። እኔ ቅርጫቴን አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ቆሜ አንዲት ጎረቤቴ ደረሰችብኝና "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፣ አንድ ሽማግሌ ትዝ ብለውኝ ነው" አልኳት። "በሳሙና ሽታ?" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ።

ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሐል ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሃሉንዳ፣ አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። አባዬ ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ይሠራል፤ እናቴ ሄምትየንስት ናት፣ ቤት ለቤት እየዞረች አቅመ ደካማ የስዊድን ሽማግሌዎችን ትረዳለች። በዚያ ዓመት የአባዬ እናት ከጎጃም መጥተው አብረውን ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው እስኪመጡ ድረስ እኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልመልስም፤ አባዬ በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በስዊድንኛ እመልስለታለሁ፣ ተግባብተን እንኖር ነበር። እማማ በመጡ በሁለተኛው ቀን "ኧረ ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው የምትንጫጫብኝ?" አሉና ያ ነገር በዚያው አበቃ። ሁለት ወር ሳይሞላ አማርኛው ወጣልኝ። እንዲያውም የእማማ አስተርጓሚ ሆንኩና ጉራዬን አትጠይቁኝ።

በቤታችን አንድ የማይነካ ነገር ነበር፤ ሂሳብ። አባዬ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር በሂሳብ አንደኛ ነበር። ይህን የሚናገረው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንጠራጠር ይሆናል፤ እማማም ይመሰክራሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ "ልጄ እኮ በሂሳብ አንደኛ ነበር!" ይላሉ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ "ተይ እንጂ እማዬ" ይላል። ያስተማሩት ሕንዶች ናቸው። ስለ እነሱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ስለ ቅዱሳን የሚያወራ ነው የሚመስለው። "ሕንድ ያስተማረው ሰው ሂሳብ አይጠፋበትም" ይላል። "ሂሳብ በደማችን ነው" ይላል። እኔ ደሜ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

የበረዶው ክረምት ሊያልቅ ሲል መምህሬ ፍሮከን ጉኒላ ለወላጆቼ ወረቀት ላከች። በግንቦት መጨረሻ የሂሳብ ፈተና አለ፤ ካላለፍኩ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ትንሹ ቡድን ውስጥ እገባለሁ ይላል። ትንሹ ቡድን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለች ክፍል ነው የሚማረው፤ የሚገቡት ልጆች በጣት ይቆጠራሉ። አባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበውና ፊቱ ዐመድ መሰለ። "የእኔ ልጅ? በሂሳብ? እኔ በቁሜ እያለሁ?" እማማ "ምን አለ ወረቀቱ?" ቢሉ፣ "ምንም፣ ፈተና ሊሰጧት ነው" አላቸው። እኔንም በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። የዚያን ቀን ገባኝ፤ እኔ ከወደቅሁ የምወድቀው ብቻዬን አይደለም።

አባዬ በኋላ አጃ የምላቸውን ሽማግሌ ያገኛቸው በዚያው ሰሞን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን የልብስ ቅርጫት ይዘን ትቬትስቱጋ ስንገባ፣ ከማድረቂያው ማሽን አጠገብ አንድ የሕንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። የሚያጥቡት ልብስ የላቸውም። ወፍራም መነጽር፣ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያለ እስክሪብቶ፣ ጭናቸው ላይ ደብተር። አባዬ ቅርጫቱን አስቀመጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኔ እያየ ዘጠነኛ ክፍል ገባ። "ጉድ ሞርኒንግ ሰር!" አለ፣ እንደ ተማሪ ጮክ ብሎ።

ሽማግሌው ከስድስተኛ ፎቅ ነው የወረዱት። ልጃቸው ሱማ ሶደርተልየ መድኃኒት ፋብሪካ ትሠራለች፤ እናቷ ስትሞት አባቷን ብቻቸውን አልተውም ብላ በጥር ወር አመጣቻቸው። በጥር! እሳቸው የዝናብና የጥቅጥቅ ደን አገር ሰው ናቸው፤ ይህ ምድር ቤት ስቶክሆልም ውስጥ የአገራቸውን ክረምት የሚሸትላቸው ብቸኛው ቦታ ነበር። ስለዚህ ደብተራቸውን ይዘው ይወርዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደብተሩ ግን ባዶውን ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ እንቁራሪት መጻሕፍት የጻፉ ሰው ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፉም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጠዋት አባዬ ምንም አልጠየቀም።

"ሰር፣ እኛን ያስተማሩን የእርስዎ አገር ሰዎች ናቸው" አለ። "ልጄንም ያስተምሩልኝ።"

ምን እንደሚያስተምሩኝ አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገራል? ቄስን "ጸሎት ያድርጉልኝ፣ ግን የክርስቲያኑን" እንደማለት ነው። ለአባዬ ሕንዳዊ ሽማግሌ መነጽርና እስክሪብቶ ካለው የሂሳብ መምህር ነው፣ አለቀ። እሳቸው ደግሞ በወረዳቸው የአውቶቡስ ሾፌር ሳይቀር መጽሐፋቸውን የሚያነብላቸው ሰው ናቸውና ዝናዬ እዚህም ደርሷል ብለው አሰቡ። ደስ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ልጅቷ ዝም ብላ መቀመጥ ትችላለች?"

"ካልቻለች ይቆንጥጧት" አለ አባዬ። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተባለ።

ማክሰኞ የሂሳብ መጽሐፌን፣ ማስመሪያዬን፣ ሁለት ላጲስ ይዤ ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሱማ በሩን ከፈተችና "አጃ በይው፣ አያት ማለት ነው በካንናዳ" አለችኝ። ካንናዳ ቋንቋቸው ነው፤ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ ነው፣ ካናዳ ከሚባለው አገር ጋር ዝምድና የለውም፤ ይህን ለመረዳት ጥቂት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እማማ ስሙን ሲሰሙ "አይ ያልታደሉ፣ በእህል ስም ይጠራሉ?" ብለው አዘኑላቸው።

አጃ የልጃቸውን ትልቅ የክረምት ጃኬት ለብሰው፣ የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው ስበው ነበር። መጽሐፌን ተቀብለው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑና "ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው" አሉ። ከዚያ ከሴንትሩሙ፣ ከሰፈሩ የገበያ ማዕከል፣ ጀርባ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጫካ ይዘውኝ ወረዱ። በረዶው ገና አላለቀም። ከአንድ የጉንዳን ክምር አጠገብ፣ ነጭ ግንድ ያለው ቢዮርክ ዛፍ ሥር ሲደርሱ የሂሳብ መጽሐፌን መሬት ላይ አነጠፉልኝ። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ተቀመጪበት ማለታቸው ነው። ተቀመጥኩ። ከዚያች ቀን እስከ ግንቦት ድረስ መጽሐፉ ያገለገለው ለዚሁ ነው።

የሚያስተምሩት ነገር ቀላል ይመስላል። አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ዛፍ ሥር፣ እዚያው ቦታ። ከዚያ ያየሁትን እናገራለሁ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው ብል ድፍረት ይሆናል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ያገኘኋቸው ጥቂት ቃላት ነበሩኝ፤ የቀረውን በእጅ፣ በጭንቅላትና ከላይብረሪ በተዋሱት የወፍ መጽሐፍ እንሞላው ነበር። መጀመሪያ ቀን "ዛፍ አየሁ፣ ወፍ አየሁ፣ ወፏ ደስ ብሏት ትዘፍናለች" አልኳቸው።

"ደስ ሲላት አየሽ?" አሉ።

"ስትዘፍን ሰማሁ።"

"እሱን ብቻ ነው የጠየቅሁሽ። ደስታዋን ከየት አመጣሽው?"

ተናደድኩ። ሽማግሌ ባይሆኑ እመልስላቸው ነበር። ሐሙስ ግን እልህ ይዞኝ ሄድኩ፤ ጉንዳኖቹ ከክምሩ ወጥተው ፀሐይ ያረፈችበት ጎን ላይ ብቻ እንደሚሰበሰቡ አይቼ ነገርኳቸው። አጃ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። "እኔ ይህን አላየሁትም" አሉ። አንድ ትልቅ ሰው "አንቺ አይተሽ እኔ አላየሁም" ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ጨፈረ።

ቤት ስገባ አባዬ ይጠብቀኛል። "እህ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?"

ዋሸሁ ማለት አልችልም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። "መቁጠር" አልኩት። ቆጥረን ነበራ፤ የተቆረጠ ጥድ ግንድ ላይ ያሉትን ቀለበቶች አንድ በአንድ ቆጥረናል።

"መቁጠር? በአሥር ዓመትሽ?" ትንሽ አሰበና ጭኑን መታ። "አዎ! ሕንድ እንዲህ ነው! ከመሠረቱ ነው የሚጀምረው!"

መጽሐፌን አንስቶ አገላበጠው። ጭቃ ነክቶት፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። "እማዬ፣ ነይ እዪ! በአንድ ወር እንዴት ቢሠሩበት ነው እንዲህ ያለቀው!" እማማ መጽሐፉን ሳሙት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምን ቆርጦኝ! ብናገር ማክሰኞና ሐሙስ ይቀሩብኛል፤ አጃ ይቀሩብኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን በየሳምንቱ እየከበደ ነው የሄደው።

ስንመለስ ሱማ ሥራ ላይ ስለሆነች አጃ ወተት አሙቀው፣ ስኳር በዝቶበት ይሰጡኛል፣ ስለ ሕይወታቸውም ያወሩኛል። በተራራ ላይ ያለች የአንዲት ከተማ ፖስታ ቤት ቴሌግራም ተቀባይ ነበሩ። አራት ወር ሙሉ ይዘንባል፤ ሰው በዚያ ሰሞን አይመጣም፤ አልቅት ብቻ ነው የሚመጣው፣ በሩ ሥር ገብቶ እግር ላይ ይወጣል። የመጀመሪያውን ታሪካቸውን በቴሌግራም ወረቀት ጀርባ ላይ የጻፉት ስለ አንድ አልቅት ነው። አለቃቸው ወረቀት አባከንክ ብሎ ተቆጣቸው፤ አነበበውና ተጨማሪ ወረቀት ሰጣቸው። አንድ ቀን ዝሆን መጥቶ የፖስታ ሳጥኑን ነቅሎ ሲሄድ "ደብዳቤ ሊልክ ነው" ብለው ጻፉና መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ሚስታቸው ያልወደደችውን ገጽ ወደ ማብሰያ እሳት ትከተው ነበር። "ሁልጊዜ ትክክል ነበረች" አሉኝ አንድ ሐሙስ። አንጀቴን በሉኝ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ግንደ ቆርቁር ደረቅ ግንድ ሲደበድብ ሰማን። አጃ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አብረው መቱ፣ ቴሌግራም እንደሚልኩ። ያን ቀን እንደተመለስን ወተት አላሞቁልኝም። ጃኬቱን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። እኔ እንዳለሁም ረሱ። ፊደሎቹ ክብ ክብ ናቸው፤ መጀመሪያ እንቁላል የሚሥሉ መስሎኝ ነበር። ማታ ሱማ ወደ ቤታችን ወርዳ፣ በር ላይ ቆማ፣ እጄን ይዛ "ጻፈ እኮ" አለችኝ በስዊድንኛ። ሌላ ነገር መናገር አልቻለችም፤ ታለቅስ ነበር። አባዬ "ምን አለች?" ብሎ ሲመጣ ሄዳለች። "መምህሩ ሥራ በዝቶባቸዋል" አልኩት።

እማማ ግን ሌላ ነገር ይጠረጥሩ ነበር። አንድ ቀን ከመስኮት ሲያዩ አጃ ከጫካ ሲመለሱ ቅጠል ይዘዋል። በሌላ ቀን ደግሞ ያንን ክብ ክብ ጽሕፈት አሳየኋቸው። "ጫካ ለጫካ ይዞራሉ፣ ቅጠል ይበጥሳሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋሉ" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ እኒህ ሰውዬ ደብተራ ናቸው።" ሥጋም እንቁላልም እንደማይበሉ ስነግራቸው ደግሞ ሐሳባቸውን ቀየሩ። "ዘወትር ጾም? ኧረ ጻድቅ ናቸው!" ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። አጃም መዳፋቸውን ገጥመው እጅ ይነሳሉ። ሁለቱ ቃል ሳይለዋወጡ ይከባበሩ ነበር።

ግንቦት አለቀ፤ ፈተናው መጣ። ጥያቄዎቹን አየኋቸው፣ እነሱም አዩኝ። ከሳምንት በኋላ ክቫርትሳምታል ተጠራን፤ መምህር፣ ወላጅና ልጅ ሩብ ሰዓት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነው። አባዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ፍሮከን ጉኒላ የፈተና ወረቀቴን በቀስታ ወደ እሱ ገፋችው። ግማሹን እንኳ አልደረስኩም።

"ሊሆን አይችልም" አለ አባዬ። "የግል መምህር አላት። ሕንዳዊ ናቸው።"

ፍሮከን ጉኒላ ፊቷ በራ። "እኒያ ስለ እሳቸው የምትጽፍልን አያት? ግንደ ቆርቁሩን ያሳዩአት? የጉንዳኑን ጽሑፏን እኮ ለክፍሉ አነበብኩት! በሳምንት ሁለት ቀን ጫካ ነው የሚውሉት፣ አይደል?"

ቆሌዬ ተገፈፈ። አባዬ ወደ እኔ አልዞረም። አመስግኖ ተነሣ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለውን መንገድ ከፊት ከፊቴ ሄደ፤ ቢጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። ሊፍት ውስጥ ገብተን አራትን ሳይሆን ስድስትን ተጫነ።

አጃ እስክሪብቶ ይዘው ነው በሩን የከፈቱት። አባዬ አክብሮቱ ሳይጎድል፣ "ሰር፣ ልጄን በሂሳብ ምን አስተማሯት?" አላቸው።

"በሂሳብ?" አጃ ግራ ገባቸው። "እኔ?" ቀስ ብሎ ገባቸውና መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ በሂሳብ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ። አባቴ ፖስታ ቤት ያስቀጠረኝም ለዚህ ነው። ማን እንደሆንኩ የምታውቅ መስሎኝ ነበር።"

"እኔም የማውቅ መስሎኝ ነበር" አለ አባዬ።

አሁን ይዞኝ ይወርዳል፣ ሁለተኛ እዚህ አልወጣም ብዬ ስጠብቅ፣ "ኩሽና ሂጂና ውሃ ጠጪ" አለኝ። ሄድኩ፤ አልጠጣሁም፤ በሩ ሥር ቆምኩ። አባዬ በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው። አልሰማም ብሎ ነው፤ ቤት ውስጥም ከእኔ የሚደብቁትን ከእናቴ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። ነገር ግን እንግሊዝኛዬ በዚያ ጫካ ውስጥ ሳላውቀው አድጎ ነበር።

"ሰር፣ እኔም አንደኛ አልነበርኩም" አለ። "መምህራችን የውጤት ካርድ የሚሰጡት በደረጃ እየጠሩ ነበር። ከአርባ ልጆች ሠላሳ ዘጠነኛ ተጠራሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም። አንደኛ ወጣሁ ብዬ አነበብኩላት። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው?"

አጃ አላጽናኑትም። "ምን ዓይነት ቀን ነበር?" አሉት።

"ምን?"

"የአየሩን ነው። ካርዱን ይዘህ ስትሄድ።"

"ዝናብ ነበር" አለ አባዬ። "ካርዱን ሸሚዜ ውስጥ፣ ሆዴ ላይ ነው የያዝኩት። ቀይ ቀለሙ ሆዴን አቅልሞት ነበር። ሌሊቱን ስፍቀው አደርኩ።" ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሮጬ ልገባ ፈለግሁ፤ ግን ውሃ እየጠጣሁ ነው መሆን ያለብኝ።

ስንወርድ ደረጃው ላይ ትከሻዬን ያዘኝ። "ትንሹ ቡድን ትገቢያለሽ፤ አይገድልም። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ አይቀርም" አለኝ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ደስታዬ ሁለት ቀን ሆነ። በሦስተኛው ቀን በዛፋችን ሥር ቁጭ ብለን ሳለን አጃ ዜናውን ነገሩኝ፤ የሚጽፉት መጽሐፍ እያለቀ ነው፤ አገራቸው ዝናቡ ሊገባ ነው፤ አሁን መጻፍ ስለቻሉ ወደ ደናቸው ይመለሳሉ። እንዲጽፉ ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። እንዲሄዱም ያደረግሁት እኔው ሆንኩ። አሥሩን ደቂቃ ሙሉ አለቀስኩ፣ እሳቸውም ምን አየሽ ብለው አልጠየቁኝም።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ተጠሩ። እናቴ የጾም ምግብ አብዝታ ሠራች። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጻድቁ አጠገብ ተቀመጡ። ከተበላ በኋላ አጃ ወረቀቶቻቸውን አወጡ፤ አንድ ምዕራፍ ሊያነቡልን ነው። እሳቸው በካንናዳ ያነባሉ፣ ሱማ ወደ ስዊድንኛ ታመጣዋለች፣ እኔ ለእማማ ወደ አማርኛ። ስለ ትቬትስቱጋው ነበር፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጉንዳኖቹ። የአንዲት ልጅ ነገርም አለበት፤ እሱን ስተረጉም ጆሮዬ ጋለ። እማማ "እሰይ! እሰይ!" ይላሉ።

ቀጥሎ ሱማ ወረቀቱን እያየች ፈገግ አለችና "ይህ ደግሞ ስለ አንተ ነው" አለችው አባዬን። ምንም አታውቅም፣ ምስኪን። አጃም አያውቁም። ዘጠና ገጽ የጻፉት ሰው፣ ነገሩ ለእናቱ እስካሁን ያልተነገረ መሆኑ አልገባቸውም። ሱማ ቀጠለች፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ደጄ ላይ መጣ፣ ከአርባ ሠላሳ ዘጠነኛ ወጥቶ ለእናቱ አንደኛ ነኝ አለ፣ ቀይ ቀለሙ ሆዱ ላይ ቀረ። የአባዬ እጅ በአየር ላይ ቀረ። እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አለች?" አሉ እማማ።

"ግንደ ቆርቁሯ ጫጩቶቿን ትመግባለች ነው የሚለው" አልኩ።

"ይህን ሁሉ ተናግራ ይህችን ብቻ?"

"ስዊድንኛ ረጅም ቋንቋ ነው እማማ።"

እማማ እኔን ትተው አባዬን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይህን ፊት አውቀዋለሁ" አሉ። "ካርድ ይዞ የመጣ ቀን ያየሁት ፊት ነው። ዝናብ ነበር። ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ አንደኛ ብሎ አነበበልኝ። ደስ ያለው ልጅ እንደዚያ አያነብም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጄን ፊት ለማንበብ ግን ማን ይምጣልኝ? በማግስቱ ሸሚዙን ሳጥብም ቀይ ነው።"

"እማዬ" አለ አባዬ። "ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ አንደኛ ትያለሽ?"

"አንተ አልክ። ልጄን ውሸታም ላስብለው? እስክትተወው ጠበቅሁ፤ አንተ ደግሞ ለእኔ ብለህ ያዝከው። ሃያ አምስት ዓመት ተያይዘን ቆምን።" ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን ደህና አድርገሽ ንገሪኝ። ስንተኛ ነው የወጣው?"

አባዬን አየሁት። ተናገሪ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ።

"ከአርባ ሠላሳ ዘጠነኛ።"

አጃና ሱማ "ምን ሆነ? ምን አሉ?" እያሉ ሲጨነቁ ሁሉንም በስዊድንኛ ነገርኳት፣ ሱማም ለአባቷ ነገረቻቸው። ምንም አላስቀረሁም። አጃ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ እስክሪብቶው ሄደና መሐል ላይ ቆመ። በልጃቸውና በእኔ በኩል እማማን ይቅርታ ጠየቁ፤ ገጹን ላውጣው ወይስ የእርስዎን ቃል ጨምሬ ልጻፈው አሏቸው።

እማማ የአባዬን ጭንቅላት ወደ ደረታቸው ስበው ያዙ። አርባ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ከረባት ያሰረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ንገሪያቸው፣ ይጻፉት" አሉኝ። "ብቻ አርባኛ የወጣውንም ልጅ ይጻፉልኝ። እሱም እናት ነበረችው።"